«የተበከለ እንቁላል» ምንድን ነው?

ባለፈው ሐሙስ ከጅማው ሂርማታ ገበያ ስመለስ ጎረቤቴ ቤት ጎራ አልኩ። እናቱን ልጠይቅ ነበር። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። 78 ዓመታቸው ነው። ሰሞኑን ጉንፋን ጥሏቸው ገና መነሳታቸው ነው። ልጃቸው አቅም እንዲያገኙ ብሎ ሁለት ጥሬ እንቁላል በወተትና በማር እየመታላቸው ደረስኩ።

«ተው እንጂ፣ ተበክሎ ቢሆንስ?» አልኩት።

«ውሃ ውስጥ ከትቼ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱም ሰምጠዋል። ደግሞ የሀበሻ እንቁላል ነው» አለኝ።

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። በቅርቡ በሬዲዮ አንድ ተናጋሪ «እንቁላል ከተበከለ ይሸታል፤ አፍንጫችሁን እመኑ» ሲል ሰምቼ በጣም አዘንኩ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሠራው በወተት፣ በሥጋና በእንቁላል ንጽህና ላይ ነው። ለዚያ ሰው መልስ የምሰጥበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

የተበላሸ እንቁላልና የተበከለ እንቁላል አንድ አይደሉም። የተበላሸው ይሸታል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ሲሰበር ይፈስሳል። የሚያበላሹት ጀርሞች ሌሎች ናቸው። የተበከለ የምንለው ግን ሰው የሚያሳምም ጀርም ያለበትን ነው። በእንቁላል ላይ ዋናው ሳልሞኔላ ነው። ሳልሞኔላ አይሸትም፣ አይጎመዝዝም፣ አስኳሉን አያጠቁርም። እንቁላሉ ዛሬ ጠዋት የተጣለ፣ ድንቡሽ ያለ፣ አስኳሉ ብርቱካን የመሰለ ሊሆን ይችላል። ተበክሎም ሊሆን ይችላል።

የውሃው ፈተናስ? እሱ የሚለካው ዕድሜ ነው። የእንቁላል ቅርፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። ቀን በቆየ ቁጥር በእነሱ በኩል እርጥበት ይወጣል፣ አየር ይገባል። በድቡልቡሉ ጫፍ ያለው የአየር ኪስ ይሰፋል። ለዚህ ነው ያረጀ እንቁላል የሚንሳፈፈው። የሰመጠ እንቁላል «አላረጀሁም» ነው የሚለን። «ንጹህ ነኝ» አላለንም።

ነገሩን በቤት ልመስለው። እንቁላሉን እንደ አንድ ግቢ አስቡት። ቅርፊቱ አጥሩ ነው። ነጩ ውሃ ዘበኛው ነው። አስኳሉ ደግሞ እህል የሞላበት ጎተራ ነው። ሌባው፣ ማለትም ሳልሞኔላ፣ በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛው አጥር ዘሎ ነው። ይህም ከኩስ፣ ከጭቃ፣ ከቆሸሸ ጎጆ በቀዳዳዎቹ በኩል ማለት ነው። ሁለተኛውን ነው ሰው የማይቀበለኝ፦ ሌባው አጥሩ ከመታጠሩ በፊት ግቢው ውስጥ ነበረ። ኢንተራይቲዲስ የሚባለው የሳልሞኔላ ዓይነት የዶሮዋን የእንቁላል ማህፀን ይይዛል። እንቁላሉ ገና ቅርፊት ሳይለብስ ውስጡ ይገባል። ዶሮዋ ደግሞ ጤነኛ ትመስላለች፤ ትበላለች፣ ትጥላለች፣ ትጮኻለች። እንግዲህ ቅርፊቱን ብታጥበው፣ ብታሸው፣ ብታሸተው ውስጥ ያለውን ሌባ ምን ታደርገዋለህ?

ዘበኛው ግን ሰነፍ አይደለም። የእንቁላል ነጭ ጀርም የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አለው፤ ብረት የተባለውንም ማዕድን ጠፍሮ ይይዛል። ጀርሙ ያለ ብረት አይራባም። ስለዚህ እንቁላሉ ትኩስ ሳለ ሌባው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ቀናት ሲያልፉ፣ በተለይ በሙቀት፣ ዘበኛው ይደክማል፣ የጎተራው በር ይላላል። ሳልሞኔላ አስኳሉ ጋ ከደረሰ እዚያ የሚያቆመው የለም። በፍጥነት ይራባል። ገጠር እናቶች እንቁላል እስኪጠራቀም ጤፍ ውስጥ ቀብረው ያቆያሉ። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ ገበያው ቀን ስንት ሌሊት እንዳለፈ ገዢው አያውቅም። ፍሪጅም ቢሆን ሌባውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም።

ስለ ማጠብ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጅማ ዝናብና ጭቃ አይለያትምና ብዙ ሰው እንቁላል ገዝቶ እንደገባ በቀዝቃዛ ውሃ ያጥባል። ቅርፊቱን የሚሸፍን ስስ ልባስ አለ፤ በማጠብ ይነሳል። በዚያ ላይ ሞቅ ያለ እንቁላል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ይኮማተርና ውሃውን ከነጀርሙ በቀዳዳዎቹ ይስባል። የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት። ማጠብ ካለባችሁ ልትቀቅሉት ስትሉ እጠቡ።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። «እኔ 40 ዓመት ጥሬውን ጠጥቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። አብዛኛው እንቁላል ሳልሞኔላ የለበትም። አሜሪካ ውስጥ የታወቀ የቆየ ግምት ከ20,000 እንቁላል 1 ይላል። ይህ የእነሱ ዶሮ ቁጥር ነው፤ ለእኛ ዶሮ አይሠራም። ግን ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። ያ ሰው አብዛኛውን የጠጣው ገና ጉልበቱ ሳይደክም ነው። የ30 ዓመት ሰውን ሳልሞኔላ ቢይዘውም ብዙ ጊዜ ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ትኩሳት ሆኖ ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ያልፋል። እማማ 78 ናቸው።

የሰው አካልም ግቢ ነው። በሩ ላይ ያለው ውሻ የጨጓራ አሲድ ነው። ከምግብ ጋር የገባን ጀርም ብዙውን እዚያው ይጨርሰዋል። በእርጅና ይህ አሲድ በብዙ ሰዎች ይቀንሳል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚባል መድኃኒት የሚወስዱ ሽማግሌዎችማ ውሻውን በገመድ አስረውታል ማለት ነው። ከውስጥ ያለው የሰውነት መከላከያም ቀርፋፋ ሆኗል። ስለዚህ ወጣቱን ያልነካው ትንሽ ጀርም አዛውንቱን ይጥላል። ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ የመግባት ዕድሉም ይጨምራል። ደም ውስጥ ከገባ በዕድሜ የደነደነ የደም ሥር ግድግዳ ላይ የመለጠፍ ጠባይ አለው። ምሳሌዬ እስከዚህ ነው፤ ለዚህ ግቢ አላገኘሁለትም።

ሌላው ውሃ ነው። አዛውንት ጥማት በደንብ አይሰማቸውም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ በተለይ ሽንት የሚያሸና፣ ተቅማጥ በአንድ ቀን ኩላሊታቸውን ሊጎዳ ይችላል። ትኩሳት ላይኖራቸውም ይችላል። ድንገት መዘባረቅ፣ መዛል፣ መውደቅ ሊሆን ይችላል የመጀመሪያው ምልክት። እንዲህ ሲሆን ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ከመድኃኒት ቤት በግምት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መስጠት አይሆንም። ይህ የሰው ሐኪሞች ድርሻ ነው፤ እኔ የማውቀው እንቁላሉን ነው።

በነገራችን ላይ «ሳልሞኔላ ታይፎይድ ነው፣ ተመርምሬ ነፃ ነኝ» የሚሉም አሉ። ታይፎይድን የሚያመጣው የቤተሰቡ አባል ነው፤ መኖሪያው ግን ሰው ብቻ ነው። ከዶሮ አይመጣም። የእንቁላሉ ሌላ ነው።

የሬዲዮው ሰው የመጨረሻ ክርክሩ «እንግሊዞች ራሳቸው ለሽማግሌ ጥሬ እንቁላል ፈቅደዋል» የሚል ነበር። ልክ ነው፣ በ2017 ፈቅደዋል። ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ዘለለው። እንግሊዝ በ1988 በእንቁላል ሳልሞኔላ ምክንያት አገሪቱ ተናውጣ ሚኒስትር እስከ መልቀቅ ደርሳለች። ከ1998 ጀምሮ ዶሮዎች በሳልሞኔላ ላይ ይከተባሉ፣ እርባታው ይመረመራል፣ እንቁላሉ ላይ የአንበሳ ማኅተም ይመታል። የተፈቀደው ያ ማኅተም ላለው እንቁላል ነው። በጣም ለታመመና መከላከያው ለተዳከመ ሰው ግን ያኔም አልተፈቀደም። እኛ ጋ «ዶሮዎቼ ተከትበዋል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የፈንግል ክትባት ነው። ፈንግል ቫይረስ ነው። ከሳልሞኔላ ጋር አይገናኝም። የሀበሻ ዶሮም ብትሆን ከኩስና ከአይጥ ጋር ግቢ ውስጥ ነው የምትውለው። ጣዕሟን እወዳለሁ። ከሳልሞኔላ ግን ጣዕም አይጠብቅም።

ደግሞ ጥሬው ይበልጥ ያበረታል የሚለው ነገር። በ1998 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ሰዎቹ ጥቂት ቢሆኑም ልኬቱ ግልጽ ነው፦ ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን ሰውነት 91 በመቶ ያህሉን ሲፈጭ ከጥሬው ግን 51 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ጎረቤቴ ለእናቱ አቅም ብሎ ግማሹን እየጣለ ነበር።

«ወተቱ እኮ ትኩስ ነው» አለኝ። ሰው ሳይቃጠል የሚጠጣው ወተት 60 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ነው። ቀዝቃዛ እንቁላል ሲገባበት ደግሞ ይወርዳል። ለእንቁላል የሚመከረው 71 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር የለንም፤ ግን እንቁላል ራሱ ይናገራል። ነጩም አስኳሉም ካልረጋ አልበሰለም። ማርም በወተት ከቀጠነ ጀርም የመግደል ኃይሉን ያጣል። ለቅቅል ደግሞ አስታውሱ፦ ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፈላ በኋላ 12 ደቂቃ ስጡት። ዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው እንቁላል ችግር የለበትም። ለስለስ ያለ ፍርፍር፣ አስኳሉ የሚፈስ ጥብስ፣ ቤት የተመታ ማዮኔዝ ግን ለአዛውንት አይሁን። ብዙ እንቁላል አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተሰብሮ የሚቆይበት ቦታ ደግሞ ይበልጥ ያሰጋኛል። አንዱ የተበከለ ሁሉንም ይበክላል።

ጎረቤቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ታዲያ ጥርስ የላቸውም፣ ቅቅል እንዴት ይብሉ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። አጥሚት ጣድን። እየተንተከተከ ሳለ አዲስ የተመታ እንቁላል በቀጭኑ እያፈሰስን አማሰልነው። እንደ ክር እየረጋ ተበተነ። ሌላ ሦስት ደቂቃ አፈላነው። እማማ ቀመሱትና ማሩ ይጨመርልኝ አሉ።