ፍሬ የሌለው ሐብሐብ ጂኤምኦ አይደለም

ቲማቲሙ ሁለት ሳምንት ሳይበሰብስ ከቆየ «ጂኤምኦ ነው»። ዶሮው ከወፈረ «ጂኤምኦ ነው»። ሐብሐቡ ፍሬ ከሌለው፣ ማንጎው ጣዕም ካጣ፣ ያው «ጂኤምኦ ነው»። ባዮሎጂ እንደማስተምር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይዞኝ ይጠይቀኛል። ጥያቄ እንኳ አይደለም፤ አዎ እንድለው ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልስጠው።

ጂኤምኦ፣ በሕጋችን አጠራር ልውጠ ሕያው፣ ማለት ዲኤንኤው (ባሕርዩን የሚወስነው በህዋሱ ውስጥ ያለው መመሪያ) በላቦራቶሪ የተለወጠ ሕያው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ዘረመል (ጂን) ይገባበታል። መተለቅ፣ ቶሎ መድረስ፣ አለመበስበስ መለያው አይደለም። በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይታወቅም።

«ምርጥ ዘር ማለት ጂኤምኦ ነው»

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። የተማረ ሰው ሲለው ደግሞ ይብሳል።

ማዳቀልና ዘረመል መለወጥ አንድ አይደሉም። በቅሎ ከባዝራና ከአህያ የምትወለድ ዲቃላ ናት። ፈረስ 64 ክሮሞሶም (የዲኤንኤ ጥቅል) አለው፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63። የማትወልደውም ክሮሞሶሞቿ በትክክል ጥንድ ጥንድ መሆን ስለማይችሉ ነው። (አባትሽ ማነው ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ማለቷ እኮ በዘር ቆጠራ ልክ ነው።) በቅሎን ጂኤምኦ ያላት ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቁንጮ ጤፍን እንውሰድ። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው። ምርታማውን ዝርያ ከነጩ ማኛ ጋር አዳቅለው ያገኙት ነው። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የጤፍ አበባ በጣም ደቃቃ ነው። ወንዴውና ሴቴው አንድ አበባ ውስጥ ስላሉ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ድሮ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። አበባው ማለዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት በ1960ዎቹ መጨረሻ የደረሱበት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አዳቃዩ በጠዋት ተነስቶ፣ ማጉያ መነጽር ስር ጎንበስ ብሎ፣ ሦስቱን የወንዴ ዘንጎች በመርፌ ጫፍ ያወጣል። ከዚያ የሌላውን ዝርያ የአበባ ብናኝ ያስነካዋል። እጁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ የዕለቱ ሥራ ገደል ገባ። ይሄ ሁሉ ልፋት ያለበትን ዘር «የፈረንጅ ጂኤምኦ» ሲሉት ያናድዳል።

የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ ሌላ ስህተት አለ። «በቆሎውን በየዓመቱ የምንገዛው እንዳይበቅል ስላደረጉት ነው» ይባላል። ጎጃም ያሉ አጎቴ ከጎተራቸው የቆየ የዲቃላ በቆሎ ዘሩ። በቀለ፣ ግን ምኑን በቀለ! አንዱ ከጉልበት አላለፈም፣ አንዱ ከሰው ቁመት በላይ ሄደ፣ አንዱ ባዶ ቆረቆንዳ ያዘ። «መድኃኒት አድርገውበታል» አሉኝ። ያደረገበት የለም። እንደ ቢኤች 660 ያለ ዲቃላ የመጀመሪያው ትውልድ ላይ ጎበዝ ነው። ያንኑ መልሰው ሲዘሩት የወላጆቹ ባሕርይ ይበታተንና ማሳው ወጣ ገባ ይሆናል፣ ምርቱም ይወርዳል። ፍሬው መካን የሚሆን ዘር የሚባለው ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ ገበያ ላይ ግን ውሎ አያውቅም።

እግረ መንገዴን ልምከር። ዲቃላ በቆሎ ከሆነ ለዘር አታስቀሩ፣ ብሉት። ጤፍና ስንዴ ግን ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ለተወሰኑ ዓመታት ማስቀረት ይቻላል፤ ከማሳው መሀል ንጹሑን መርጣችሁ፣ ባዕድ ዘር እንዳይቀላቀል ለብቻው ወቅታችሁ። ዘር ስትገዙም ሻጩን «ዲቃላ ነው ወይስ አይደለም?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምርጥ ነው» መልስ አይደለም።

«ጂኤምኦ የበላ ሰው ጂኑ ይለወጣል»

ጎመን ስንበላ የጎመኑን ዘረመል በሙሉ እንበላለን። አረንጓዴ የሆነ ዘመድ አለኝ የሚል ካለ ይምጣ። ክፍል ውስጥ ሙዝ አላቁጠን፣ ጨውና የዕቃ ሳሙና ጨምረን፣ ካጠለልነው በኋላ ቀዝቃዛ አልኮል ቀስ ብለን እናፈስበታለን። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወደ ላይ ይወጣል። ዲኤንኤ እሱ ነው። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይሄን ነው እንዴ ስንበላ የኖርነው?» ብላ ፊቷን አጨማደደች። አዎ፣ እሱን ነው። አንጀታችን ውስጥ እንደ ሌላው ምግብ ይፈጫል።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ከጂኤምኦ ነፃ» የሚል የተጻፈበት የጤፍ ዱቄት በውድ ገዝታ ፎቶውን ልካልኛለች። የጂኤምኦ ጤፍ ገበያ ላይ የለም። የከፈለችው ለጽሑፉ ነው።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ጂኤምኦ ክልክል ነው»

ጂኤምኦን የሚቆጣጠረው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ በጣም ጥብቅ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ላላ። በ2010 ዓ.ም. ቢቲ ጥጥ ለገበያ እንዲመረት ተፈቀደ። አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ገብቶበታል፤ ጥጡ በዚያ ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን የጥጥ ፍሬ የሚበላውን ትል አንጀት ይበሳል። የእኛ አንጀት ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ቦታ ስለሌለው እኛን አይነካም።

«ጂኤምኦን የሚቃወም ሁሉ አላዋቂ ነው»

ይሄኛው የእኛ የባለሙያዎቹ በሽታ ነው። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ዕፅዋትን ያጠኑ ሳይንቲስት ነበሩ። ጂኤምኦ ከአገር አገር ሲዘዋወር የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል፣ ሲደራደሩበት የአፍሪካን ቡድን የመሩት እሳቸው ናቸው። ጥያቄያቸው «ቲማቲሙ ለምን አልበሰበሰም» አልነበረም። ዘሩ የማን ነው? ጉዳት ቢደርስ ማን ይጠየቃል? አገር አልፈልግም የማለት መብት አላት ወይ? በሁሉም ባልስማማም እነዚህ ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። የሚያሳዝነው በቡና ላይ ጨዋታ ሁሉ ሰዓቱን ቲማቲም ይበላውና እዚህ ጋ ሳንደርስ እንነሳለን።

ሰው ላይ ሲመጣም ሁለት ነገር ይምታታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ብሪታንያ የፈቀደችው የሲክል ሴል (በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ) ሕክምና የበሽተኛውን የመቅኔ ህዋሶች ያርማል፤ እርማቱ ወደ ልጆቹ አይተላለፍም። ቻይናዊው ተመራማሪ ሄ ጂያንኩይ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 መንትዮች መወለዳቸውን ሲናገር የለወጠው ፅንሱን ነበር፤ ያ ለውጥ ወደ ልጅ ልጅ ሊሄድ ይችላል። ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል። ሁለቱን «ጂን መነካካት» ብሎ በአንድ መጠቅለል አይሆንም።

የቀሩትን በአጭሩ። ፍሬ የሌለው ሐብሐብ 22 ክሮሞሶም ያለውንና 44 ያለውን በማዳቀል የሚገኝ ባለ 33 ነው፤ እንደ በቅሎዋ ክሮሞሶሞቹ በትክክል መጣመድ ስለማይችሉ ፍሬ አይዝም፤ የምንበላው ሙዝም ባለ 33 ነው። ቲማቲም ቶሎ አልበሰብስ የሚለው ብዙ ጊዜ መብሰልን የሚያዘገይ፣ በራሱ የመጣ የዘረመል ለውጥ ስላለው ነው። የዓሣ ጂን ያለው ቲማቲም ተሞክሮ ያውቃል፤ ተሸጦ አያውቅም። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ የሚያድገውን ቶሎ ከሚያድገው ጋር እያራቡ ለብዙ ትውልድ የመረጡት ነው።

«ሚስቴ ሴት ሴት ብቻ ነው የምትወልደው» እያላችሁ ለሽማግሌ የምታመለክቱ ደግሞ አላችሁ። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ የሚይዘው ኤክስ ክሮሞሶም ነው። ኤክስ (ሴት) ወይ ዋይ (ወንድ) የሚያመጣው የአባት ዘር ነው። ክሱን በራሳችሁ ላይ አቅርቡ።