«ኋይት» የተባለው ጂን ዓይን የሚያቀላው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የፍራፍሬ ዝንብ ጂኖች መረጃ የሚቀመጥበትን ፍላይቤዝ ከፍታችሁ «ኋይት»፣ ማለትም ነጭ የሚባለውን ጂን ትፈልጋላችሁ። ስታነቡት ግን ያለ እሱ ዓይን ቀይ አይሆንም። ዳታቤዙ አልተሳሳተም።

የዝንብ ጂን ብዙ ጊዜ ስም የሚወጣለት ሲበላሽ በሚታየው ነገር ነው። ዳቦ ጋጋሪውን፣ በቀረ ቀን ጦማችንን ስላደርን፣ «ረሃብ» ብሎ እንደመጥራት። በ1910 የዘር ውርስ ተመራማሪው ቶማስ ሀንት ሞርጋን ዓይነ ቀይ ዝንቦች መሃል አንድ ዓይነ ነጭ ወንድ አገኘ። የጂኑ ስም ከዚያ መጣ። ጤነኛው ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን የቀለሙን ጥሬ ዕቃ ወደ ዓይን ሴል ያስገባል። ፕሮቲኑ ከሌለ ቀለም የለም፣ ዓይኑ ይነጣል። «አይለስ» የተባለው የዝንብ ጂንም እንደዚሁ ነው፦ ስሙ ዓይን አልባ፣ ሥራው ግን ዓይን ማሠራት። (የዝንብ ሰዎች ቀልድ ይወዳሉ።)

ይህን የስም አወጣጥ ወደ ሌላ ፍጥረት ይዛችሁ አትሂዱ። የአይለስ ዘመድ በአይጥም በሰውም ፓክስ6 ይባላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አጻጻፉ ራሱ ይለያያል፤ የሰው በሙሉ በትልልቅ ፊደል (PAX6)፣ የአይጥ የመጀመሪያው ብቻ (Pax6)።

ስም ካምታታችሁ ፍላይቤዝ ለጂኑ የሰጠውን መለያ ቁጥር ያዙ። የኋይት ኤፍቢጂኤን0003996 (FBgn0003996) ነው። ስም ቢቀየርም ቁጥሩ ይቆያል። ሁለት መዝገቦች አንድ ጂን ሆነው ሲገኙ ግን ቁጥርም ሊለወጥ ይችላል፤ የድሮው ከአዲሱ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል።