ልጆችና የጓሮ አትክልት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የልጆች የጓሮ አትክልት ልጆች በአዋቂ እየታገዙ ራሳቸው የሚዘሩበት፣ የሚያጠጡበት፣ የሚኮተኩቱበትና የደረሰውን ራሳቸው የሚለቅሙበት ትንሽ እርሻ ነው። ጓሮ ውስጥ የተከለለ መደብ ሊሆን ይችላል፤ በረንዳ ላይ የተደረደሩ ታቻቸው የተበሳ ባልዲዎችም ይበቃሉ። ከሌላው የጓሮ አትክልት የሚለየው በስፋቱ ሳይሆን በባለቤቱ ነው። አዋቂው ተክሎ ልጁን ውሃ አቀባይ ብቻ ካደረገው ያ የአዋቂው እርሻ ነው።

ይህን የባለቤትነት ሐሳብ በሥርዓት ያስቀመጠው ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪኽ ፍሮበል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የሕፃናት ተቋም ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ ተቋሙን «ኪንደርጋርተን» ብሎ ሰየመው። እኛ አጸደ ሕፃናት የምንለው ይህንኑ ነው፤ አጸድ ዛፍና ተክል ያለበት ቅጥር በመሆኑ ትርጉሙ ከምንጩ አልራቀም። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ፊደልና መጫወቻ ቢታወሰንም፣ ፍሮበል ግን እውነተኛ አፈርና እውነተኛ መደብ ይፈልግ ነበር። ባወጣው ንድፍ መሠረት በመሃል የእያንዳንዱ ልጅ የግል መደብ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ የሁሉም የጋራ መደቦች ይከብቡታል። በግል መደቡ ላይ የልጁ ስም ይጻፋል። ልጁ ያሻውን ይተክላል፣ ያሻውን ያህል ይንከባከባል፤ ቸል ካለው ውጤቱን ራሱ ያየዋል። ቦታ ከጠበበ ሁለት ልጆች አንድ መደብ እንዲጋሩ ይመክራል። አሳቢነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ የራሱ የሆነውን ይዞ፣ የጋራ በሆነው መሃል ይቆማል።

ያኔ ከጀርመን መንግሥታት አንዱ የነበረው የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 እነዚህን ተቋማት በኢ-አማኒነትና በሶሻሊዝም ከስሶ አገደ። እገዳው የመጣው ፍሮበል ከወንድሙ ልጅ ጋር ተምታቶ ነው የሚለው ማብራሪያ በሰፊው ተቀባይነት አለው። ፍሮበል በ1852 ሲሞት እገዳው ገና አልተነሳም ነበር፤ የተነሳው በ1860 ነው። ሐሳቡ ግን እገዳ አላስቆመውም። በአሜሪካ በ1891 ቦስተን ውስጥ በጆርጅ ፑትናም ትምህርት ቤት የተጀመረው የአትክልት ቦታ ብዙ ጊዜ የአገሪቱ የመጀመሪያው የትምህርት ቤት አትክልት ተብሎ ይጠቀሳል። በ1902 ፋኒ ግሪስኮም ፓርሰንስ በኒው ዮርክ ዴዊት ክሊንተን ፓርክ የልጆች እርሻ መሠረተች፤ ዓላማዋ ከአትክልቱ ይልቅ ልጆቹን መቅረጽ ነበር። የብሩክሊን የዕፅዋት መናፈሻ በ1914 የጀመረው የልጆች አትክልት እስከ ዛሬ ልጆችን ያስተናግዳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የትምህርት ቢሮ ተማሪዎችን በማዕረግና በዓርማ አደራጅቶ «የትምህርት ቤት የአትክልት ጦር» አቋቁሟል፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጦሩም ብዙም አልቆየም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ልጆች ከቤተሰብ ጋር አምርተዋል። በ1995 በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ አንድ የትምህርት ቤት አትክልት ከወጥ ቤት ጋር ተያይዞ ተጀመረ።

ወደ መደቡ ስንመጣ፣ የዘር ምርጫ የሚመዘነው በልጁ ትዕግስት ነው። ፍጅል በጥቂት ቀን በቅሎ ከ25 እስከ 30 ቀን ውስጥ ይነቀላል፤ ስለሚያቃጥል ልጁ ላይበላው ይችላል፣ ግን ቃሉን የሚጠብቅ ተክል ነው። ሰላጣና ቆስጣ የውጭ ቅጠላቸው እየተለቀመ ከመሃል ስለሚያድጉ ሳምንታት ይበላሉ፤ ፀሐይ በቀን ሦስት አራት ሰዓት ካገኙም ይበቃቸዋል። ቲማቲም ግን ስድስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ችግኙ ወደ መደቡ ከተዛወረ በኋላም እንደ ዝርያው ከ60 እስከ 80 ቀን ይፈጃል። ለጀማሪ የሚሻለው ትንንሽ ፍሬ የሚያፈራው ዝርያ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ልጁም እዚያው ቆሞ ይበላዋል። ካሮት ለመብቀል ብቻ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ልጁ በቅሎ እንደሆነ ለማየት አፈሩን ቆፍሮ ስለሚጨርሰው፣ ካሮት የሁለተኛ ዓመት ሥራ ነው።

ከሁሉ ቀላሉ ጅማሬ አደንጓሬ ነው። የሚያሳይ ብርጭቆ ውስጡ እርጥብ ሶፍት ይደረግና ፍሬው በሶፍቱና በመስታወቱ መሃል ይሰካል። በሁለት በሦስት ቀን ቆዳው ይሸበሸባል፣ ከዚያ ነጭ ሥር ወደ ታች ይወጣል። ብርጭቆውን ብታጋድሙት ሥሩ ዞሮ እንደገና ቁልቁል ይሄዳል። ቀጥሎ ግንዱ እንደ መንጠቆ ጎብጦ ይወጣና ሁለቱን የፍሬ ክፋዮች ተሸክሞ ቀና ይላል። ባቄላን አጠገቡ ብትሰኩ ልዩነቱ ይታያል፤ የባቄላ ክፋዮች ከታች ይቀራሉ፣ ቡቃያው ብቻውን ይወጣል። ይህን ያየ ልጅ አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃልና መቆፈሩን ይቀንሳል።

ልጆች ራሳቸው ያበቀሉትን አትክልት ለመቅመስ ይበልጥ ፈቃደኛ እንደሚሆኑ ጥናቶች ያመለክታሉ። ጠቅላላ የሚበሉት አትክልት ስለ መጨመሩ ግን ውጤቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአፈር የተጨማለቀ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አተር ከእሸቱ ፈልፍሎ የሚበላ ልጅ ያየ ሰው ግን በመቅመሳቸው ብዙ አይከራከርም።

ጥንቃቄውን በተመለከተ የማያከራክሩ ነገሮች አሉ። የቲማቲምና የድንች ቅጠል አይበላም፤ ፀሐይ መትቶት የአረንጓዴ መልክ የያዘ ድንችም እንዲሁ። ቀይ አደንጓሬ በደንብ ሳይፈላ ከተበላ ያስመልሳል። ያልተብላላ ፍግ ከተጨመረ፣ አፈር የሚነካ አትክልት እስኪለቀም 120 ቀን እንዲያልፍ ይመከራል። የአሮጌ ቤት ግድግዳ ሥር ያለ አፈር ከድሮ ቀለም የረገፈ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል፣ እዚያ ከሆነ ንጹሕ አፈር የሞላ ዕቃ ይሻላል።

በፍራፍሬ በኩል ምርጫው ጠባብ ነው። ከዘር የበቀለ ሎሚ ፍሬ እስኪሰጥ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል፤ የፖም ዘርም የእናቱን ዓይነት ፍሬ አይሰጥም። የሚያዋጣው እንጆሪ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ይበቅላል፣ ቶሎም ያፈራል። ፍሬ ከሰጠ በኋላ ረጃጅም ሐረግ ይለቃል፤ በሐረጉ ላይ ትንሽ ቡቃያ አለች። ሐረጉን ሳይቆርጡ ቡቃያዋን አፈር የሞላ ኩባያ ላይ ማሳረፍና አፈሩን ማርጠብ ነው። ቀስ ተብላ ስትሳብ እምቢ ካለች ሥር ሰድዳለች ማለት ነው፤ ያኔ ልጁ ሐረጉን በመቀስ ይቆርጥና ኩባያዋን ለጎረቤት ልጅ ይሰጣታል።