ግፊት ወርዷል ማለት ደም አልደረሰም ማለት ነው?

የደም ግፊት መለኪያው 88 በ58 ያሳያል። ሰውየው ግን ወሬውን ይዟል። እጁ ይሞቃል፣ ሽንቱም እንደወትሮው ይመጣል። ታሟል እንዴ? አብዛኛውን ጊዜ አልታመመም።

በልማድ ከ90 በ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ያለው ዝቅተኛ የደም ግፊት ይባላል። ይህ መስመር ለአሠራር እንዲመች የተሰመረ ነው እንጂ በሽታ ከዚያ በታች ይጀምራል ማለት አይደለም። ብዙ ስፖርተኞችና ቀጭን ወጣቶች ከዚያ ወርደውም ደህና ናቸው። ለዓመታት የላይኛው ቁጥር 160 ሆኖ የለመደ ሰው ግን 110 ላይ ሊያዞረው ይችላል።

መሣሪያው የሚለካው ደም የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበትን ኃይል ነው። ኩላሊትና አንጎል ምን ያህል ደም እንደደረሳቸው አይነግረንም። ደም እየፈሰሰው ያለን ሰው እንይ። ሰውነቱ የቆዳና የአንጀት ደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ልቡም ይፈጥናል። ግፊቱ ለጊዜው ደህና ይመስላል፤ የሚወርደው ዘግይቶ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከባለ 88ቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ እጁ የቀዘቀዘው፣ የልብ ምቱ 125 የደረሰው ባለ 112 ነው።

ሐኪሞች አማካይ ግፊትንም ያያሉ። በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ያለውን ልዩነት ለ3 ማካፈል፣ ከዚያ የታችኛውን መደመር ነው። 88 በ58 ሲሰላ 68 ይመጣል። 100 በ40 ግን 60 ብቻ ነው፤ የላይኛው ቁጥር እኮ ይበልጥ ነበር! በኢንፌክሽን ሳቢያ ሾክ ውስጥ ለገባ (ማለትም ለአካሉ በቂ ደም ለማይደርሰው) አዋቂ የሕክምናው መነሻ ግብ 65 ነው።

የደም ፍሰቱ የሚታወቀው ከሰውየው ነው። የጣት ጫፍ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ሽንት በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ0.5 ሚሊ ሊትር ካነሰ፣ ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ በደሙ ውስጥ ላክቴት (ሰውነት ኦክስጅን ሲያንሰው የሚበዛ ንጥረ ነገር) ከጨመረ ነገሩ ከባድ ነው። ያኔ ደጋግሞ መለካት ሳይሆን ቶሎ ድንገተኛ ክፍል መድረስ ነው።

አንዳንዴ ጥፋቱ የአለካኩ ነው። ክንድ ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ንባቡ 7 ወይም 8 ያህል ይቀንሳል። ማሰሪያው ለክንዱ ሲሰፋም እንዲሁ።

ብድግ ሲሉ ዓይን ጨለም የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ግፊቱ የሚወርደው በመቆም ነው። የፈሳሽ ማነስ ወይም የግፊት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ተቀምጦ ብቻ የተለካ ሰው ላይ ግን ይህ አይታይም።