አር-ቫሊዩ ምንድን ነው? የመኝታ ምንጣፍ ላይ የተጻፈችው ቁጥር

የመጀመሪያው ረጅም የሳይክል ጉዞዬ ላይ የያዝኩት የሚነፋ ፍራሽ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው። ይመቻል። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። የተኛሁበት ጎን ይቀዘቅዛል፣ ወደ ላይ የዞረው ይሞቃል። ብርዱ የሚመጣው ከታች ነበር። ያን ጊዜ አር-ቫሊዩ የሚባለውን ነገር አላውቅም ነበር።

አር-ቫሊዩ አንድ ነገር ሙቀት በውስጡ እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚገታ የሚነግረን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መሬቱ ከሰውነታችን የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። ምንጣፉ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ ያለንን ነው የሚጠብቅልን።

«ስሊፒንግ ባጌ (ገብቼ የምተኛበት ከረጢት) ወፍራም ነው፣ ምን ቸገረኝ?» የሚል አይጠፋም። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው። ከሥራችን ያለው ክፍል ግን በክብደታችን ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል። ከታች የሚያድነን ምንጣፉ ነው።

ውፍረትና ሙቀት ለየቅል ናቸው። ባዶ አየር ብቻ በተነፋ ፍራሽ ውስጥ፣ በተገላበጥን ቁጥር የሞቀው አየር ከቀዘቀዘው ጋር ይቀላቀላል። ደህና የሚባሉት ግን ሙቀትን መልሶ የሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን፣ ወይም አየሩን ይዞ የሚያስቀር ላባ ወይም ሰው ሠራሽ ቃጫ አላቸው።

ድሮ እያንዳንዱ አምራች በገዛ መንገዱ ይለካ ስለነበር ቁጥሮቹን ማወዳደር አይቻልም ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤኤስቲኤም ኤፍ 3340 የተባለ የጋራ መለኪያ ወጣ። ምንጣፉ 35 ዲግሪ በሞቀ ሳህንና 5 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ሳህን መካከል ይደረጋል። ከዚያ የሞቀው ሳህን ሙቀቱን ጠብቆ እንዲቆይ ምን ያህል ኃይል እንደፈጀ ይታያል።

በደምሳሳው፣ ከ2 በታች ለሞቃት ሌሊት ነው። ከ2 እስከ 4 ለአብዛኛው ጉዞ ይበቃል። በረዶ ላይ ለሚተኛ 5 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ደስ የሚለው፣ ሁለት ምንጣፍ ቢደራረብ ቁጥራቸው ይደመራል፤ 2 እና 3 አንድ ላይ 5 ናቸው።

ሳይክል ላይ ደግሞ የጥቅሉ መጠንም ያሳስባል። የማይነፋው ተጣጣፊ የስፖንጅ ምንጣፍ 400 ግራም ገደማ ነው፣ አር-ቫሊዩው 2 አካባቢ። እሾህ አይፈራም፤ ምሳ ሰዓት ላይ የትም ዘርግተው ይቀመጡበታል። ግን ቦታ ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜ ውጭ ነው የሚታሰረው። በጎኑ ለሚተኛ ሰውም ዳሌውን ያመዋል። እኔ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ አር-ቫሊዩው 3 የደረሰ የሚነፋ እመርጣለሁ። ሲጠቀለል የውሃ ኮዳ ያክላል። ቢበሳም ቀዳዳው እንደ ከመነዳሪ በሳሙና ውሃ ይገኛል።

ሲነፉት ጥብቅ አያድርጉት። በጎንዎ ጋደም ብለው አየሩን በጥቂቱ ይልቀቁ። ዳሌዎ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይዝጉት። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ፍራሹ ይለሰልሳል። ወዲያው ተበሳ ብለው አይደንግጡ፤ ከመተኛትዎ በፊት ሁለት ትንፋሽ ይጨምሩለት።