7 ለ2 ሲካፈል ለምን 3 ይሆናል?

ጎንደር ማራኪ ሰፈር ሲ (C) በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራሚንግ የማስጠናቸው ልጆች ሁሌም እዚህ ላይ ይደናገራሉ። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ 7 ኪሎ ጤፍ ለ2 ቤት ይካፈል ብለን «ፍሎት ድርሻ = 7 / 2» ብንጽፍ ድርሻው 3 ይሆናል። ግማሽ ኪሎዋ የት ገባች?

«ድርሻ» ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ነው፤ ማለትም ስም የወጣለት የሜሞሪ ቦታ፤ የዳታ ዓይነቱ ምን እንደሚይዝ ይወስናል። ኢንት ሙሉ ቁጥር፣ ፍሎት ነጥብ ያለው ቁጥር ይይዛል። ፊደል የሚይዘው ቻር 1 ባይት (ትንሽ የሜሞሪ መለኪያ) ብቻ ስለሆነ የእኛን «ጎ» እንኳ አይችላትም፤ ፊደላትን በባይት በሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) በተባለው ሥርዓት 3 ባይት ትፈልጋለች።

ወደ ጤፋችን እንመለስ። ሲ መጀመሪያ የሚያሰላው ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን ነው። 7ም 2ም ኢንት ስለሆኑ ከነጥብ በኋላ ያለው ተቆርጦ ይቀራል፤ ፍሎቱ ጋ የሚደርሰው 3 ብቻ ነው። ስፍር ላይ የፈሰሰውን ጤፍ ሰፊ ጆንያ አይመልሰውም። «7.0 / 2» ብላችሁ ጻፉ፤ 3.5 ይወጣል።