«ትንሽ ቤንዚን ጣል አድርግበት»፦ ስለ ናፍጣ፣ ቤንዚንና ጋዝ ሞተሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ በብርዱ ወራት ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ምክር አንድ ነው። ናፍጣ መኪና አልነሳ ሲል ባለቤቱም ረዳቱም፣ መንገደኛው ሳይቀር፣ «ትንሽ ቤንዚን ጣል አድርግበት» ይላል። ሰልችቶኛል። በዚህ ምክር የተበላሸውን ፖምፓ (ናፍጣውን ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚልከውን) የምፈታው እኔ ነኝ፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለመኪናው ነው፤ መካሪው ግን ያን ጊዜ የለም።

«ቤንዚን ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ናፍጣውን ያግዘዋል»

የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን የተገለበጠ ነው። ቤንዚን ክብሪት ሲቀርበው ወዲያው የሚያያዘው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ ስለሚተን ነው። ናፍጣ ወደ 55 ዲግሪ ካልሞቀ የሚያያዝ በቂ ትነት አይሰጥም። ይሁን እንጂ ናፍጣ ሞተር ውስጥ ክብሪት የሚጭር የለም፤ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ብቻ ከ15 እስከ 20 እጥፍ አጥብቦ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ አየር ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ ነፍቶ የሚያውቅ ሰው የፓምፑ ጫፍ እጅ እንደሚፋጅ ያውቃል። ሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል፤ ልክ በዚያች ቅጽበት ኖዝሉ ናፍጣውን ይረጨዋል፣ ናፍጣውም በራሱ ይነዳል።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «ክብሪት ሲያይ ቀድሞ የሚያያዘው የቱ ነው?» ተብሎ ሳይሆን «በሙቀት ብቻ ቀድሞ የሚነደው የቱ ነው?» ተብሎ ነው። እዚህ ላይ ተራው ይገለበጣል፤ ናፍጣ 210 ዲግሪ አካባቢ፣ ቤንዚን ከ250 በላይ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ከ500 በላይ። ቤንዚን ሲጀመርም የሚዘጋጀው ሲጨመቅ በራሱ እንዳይነድ ተብሎ ነው፤ ኦክቴን የሚባለው ቁጥር የሚለካውም ይህንኑ መቋቋም ነው። የናፍጣው መለኪያ ሴቴን ይባላል፤ እሱ የሚለካው ተቃራኒውን፣ ግለት ሲያገኝ ምን ያህል ቶሎ በራሱ እንደሚነድ ነው። ናፍጣ ላይ ቤንዚን የጨመረ ሰው ሴቴኑን አወረደው፤ አልነሳ ያለውን ሞተር የባሰ እንዳይነሳ አደረገው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ዘግይቶ ነው የሚታየው። ፖምፓውና ኖዝሉ ውስጥ የሚፋተጉትን ብረቶች የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ቤንዚን ያንን ቅባት ያጥበዋል። ከቡሬ በቆሎ የሚጭን አንድ የአይሱዙ ሹፌር «ጋሼ፣ ክረምቱን ሙሉ እየጨመርሁ ነው የሠራሁት፣ ምንም አልሆነም እኮ» አለኝ። ፖምፓውን ፈትቼ የተፋፋቀውን ብረት አሳየሁት፤ ቃል አልተነፈሰም። የመኪናው እውነተኛ ችግር ምን ነበር? የናፍጣ ማጣሪያው ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ተሰንጥቆ ሌሊት አየር ይስባል። አንድ ጎሚኒ ቢቀየር ኖሮ ፖምፓው ይተርፍ ነበር።

ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ለአውሮፓ ክረምት የተሠሩ አንዳንድ የድሮ ናፍጣ መኪኖች መመሪያ በከባድ ብርድ ጊዜ የተወሰነ ቤንዚን መቀላቀልን ይፈቅድ ነበር። ያ ግን እንዲቀጣጠል ተብሎ አልነበረም፤ በዚያ ብርድ ናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም ረግቶ ማጣሪያውን ስለሚዘጋው ነው። ማርቆስ እንዲህ ያለ ብርድ የለበትም። ዛሬ ያሉት ኮመን ሬይል ሞተሮች ደግሞ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጩ ስለሆኑ ቅባቱ የሳሳ ነዳጅ አይችሉም።

ስለዚህ ጠዋት አልነሳ ሲላችሁ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። ሞተሪኖው ሞተሩን ፈጠን አድርጎ ካላዞረው አየሩ በፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን በሚያሽጉት ቀለበቶች) በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ ሙቀቱም ወደ ቀዝቃዛው ብረት ይሸሻል፤ ናፍጣውን የሚያነድድ ግለት አይገኝም። ቀጥሎ መኪናው የማሞቂያ ካንዴላ ካለው እሱን አስፈትሹ፤ ይህ ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም፣ ውስጡን ብቻ ያሞቃል። ከዚያ የነዳጅ መስመሩ አየር እንዳይስብ ተመልከቱ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልተነሳ የመጭመቅ አቅሙ ይለካ። ጠብታ ቤንዚን አትጨምሩ።

«ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ያው ነው፣ ይነዳል»

ይነዳል፤ ግን ያለጊዜው። ማደያ ላይ ሲጠፋ በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ላምባ የገባበት ከሆነ ኦክቴኑ ይወርዳል፤ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት ሲሊንደሩ ውስጥ በራሱ ይፈነዳል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲንኳኳ የምትሰሙት ይህንን ነው፤ እያደር ፒስተን ይበሳል።

«ቤንዚን ላይ ዘይት መጨመር ለማንኛውም ባጃጅ ጥሩ ነው»

ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ለሚያገኘው ለ2 ስትሮክ ሞተር ብቻ። ዘይቱ ለብቻው የሚቀመጥለት 4 ስትሮክ ከሆነ ካንዴላውን ከማጥቆር በቀር ጥቅም የለውም።

«ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት ነው»

ያልነደደ ነዳጅ ምልክት ነው። ማርቆስ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ወደ ጮቄ ስትወጡ ደግሞ ይብሳል። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር በቂ አየር ሳያገኝ ፖምፓው ብዙ ናፍጣ እንዲሰጥ እንዲከፈትለት የሚጠይቅ ሹፌር የገዛውን ናፍጣ በማርሚታ (በጭስ መውጫው) እየበተነ፣ ፒስተኑንም ከልክ በላይ እያጋለ ነው።

«ዓባይ በረሃን ማርሽ ዜሮ አድርጎ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል»

ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በማርሽ ስትወርዱ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ካነሳችሁ ናፍጣ ፖምፓም ሆነ አዲሱ የቤንዚን ሞተር ነዳጁን ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ዜሮ ካደረጋችሁት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል፣ ፍሬኑም ብቻውን ተሸክሞ ይግላል። የጋለ ፍሬን አይይዝም። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የአየር መግቢያውን የሚያፍን መዝጊያ ስለሌለው በራሱ የመያዝ ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ የጭነት መኪኖች የጭሱን መውጫ የሚያፍን የሞተር ፍሬን የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው። ተጠቀሙበት።

«ናፍጣ ሞተር ጠንካራ ነው፣ ምንም አይነካውም»

ብረቱ የሚወፍረው ያንን ሁሉ ግፊት መቻል ስላለበት ነው። ውሃና ቆሻሻ ግን ይገድሉታል። ደብረ ኤልያስ በኩል ወፍጮ ያላቸውን አንድ አባት «አያ፣ በርሜሉን ጎደሎ አድርገው አያሳድሩ፤ ሌሊት እርጥበት ይጠራቀምበታል። ሲቀዱም ከሥሩ አይቅዱ፣ የማጣሪያውን ውሃ በየሳምንቱ ያፍስሱ» አልኋቸው። አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ ለኖዝል አልመጡም።

«የጋዝ ሞተር አዲስ ፈጠራ ነው»

ከሦስቱ አንጋፋው እሱ ነው። በ1860 የፈጠራ ባለሙያው የሌኗር፣ በ1876 ደግሞ የጀርመናዊው የኦቶ ሞተር ይንቀሳቀሱ የነበሩት ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ነበር። የዲዝል (የናፍጣ) ሞተር ተፈትኖ የተሳካው በ1897 ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የተፈጥሮ ጋዝና ቡታጋዝ አንድ ናቸው»

የማዕድ ቤቱን ሲሊንደር ባጃጅ ላይ እንድገጥም የሚጠይቁኝ አሉ። አልገጥምም። ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በአነስተኛ ግፊት ፈሳሽ ይሆናል፣ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለል ላይና የጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ሶማሌ ክልል ውስጥ እንዳለው ካሉብ ካሉ ጉድጓዶች የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ከአየር ይቀልላል፣ ካመለጠ ወደ ላይ ይወጣል። በተራ ሙቀት የቱንም ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ አይሆንም፤ ስለዚህ መኪና ላይ 200 ባር በሚችል ወፍራም ሲሊንደር ይጫናል። የማዕድ ቤቱ ሲሊንደር ለዚያ ግፊት አልተሠራም። ናፍጣ ሞተር ላይ ጋዝ ብቻ ቢገባ ደግሞ ከላይ እንዳልነው ከናፍጣ እጅግ የበለጠ ግለት ስለሚፈልግ በዚያች አጭር ቅጽበት አስተማማኝ ሆኖ በራሱ አይነድም፤ ወይ ካንዴላ ይገጠምለታል፣ ወይ እሳቱን የሚያስጀምር ጥቂት ናፍጣ አብሮ ይረጭለታል።